ለክራፒ የተሠራ ዘንግ ሐይቅ ላይ ምን ይሠራል?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ከሁለት ሳምንት በፊት በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ዓሣ ማጥመድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንደኛውን ቡና እየጠጣሁ፣ ሁለተኛውን ተናድጄ። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ በዚያ አልጣላም። የተጣላሁት ከላይ ከተቀመጠው ፎቶግራፍና ከሥሩ ካለችው መስመር ጋር ነው። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ሰዎች ከጀልባ አፍንጫ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ስምንት ረጃጅም ዘንጎች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል። ከሥሩ «ሐይቆቻችን የሚጠብቁት ዘመናዊ መሣሪያ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው የእኛው የወሎ ሐይቅ ተጠርቶ፣ «በአገራችን የማጥመጃ ዘንግ የሚሠራ ባለሙያ ባለመኖሩ» የሚል ሐረግ ገብቶበታል።

እኔ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ዘንግ እሠራለሁ። በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ስምንቱን በዓይኔ ባላያቸውም ዘመዶቻቸውን አውቃለሁ፤ ሦስቱ በእጄ አልፈዋል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልሁም። ደብዳቤው ይረዝማል፤ ቦታ ካጠራችሁ ክራፒ ስለሚባለው የአሜሪካ ዓሣ የጻፍሁትን ቁረጡ፣ የዘንጉ ክር ስለሚያልፍባቸው ቀለበቶች ያለውን ግን ተዉልኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። ለእንጀራ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ሆኜ አረጀሁ። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው፦ ክር የተበጠሰበት ቦታ ትሄዳለህ፣ ለምን እንደተበጠሰ ትፈልጋለህ። ክር ያለ ምክንያት አይበጠስም። ወይ ውጥረቱ በዝቷል፣ ወይ የሚያልፍበት ቦታ ሻክሯል፣ ወይ አካሄዱ ተጣሟል። እነዚህን ስፈልግ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጄ ሲገባ እነዚያው በሽታዎች እዚያም ተቀምጠው ጠበቁኝ።

እጄ ያስገባው የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ቴኔሲ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በእረፍት ቀኑ ዓሣ ያጠምዳል። ልጅ ሳለ ቦርከናን ለመሻገር በጀርባዬ የሚታዘል ፈሪ ነበር፤ አሁን ጀልባ አለው። ከአራት ዓመት በፊት እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ከሻንጣው ሌላ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ የፕላስቲክ ቧንቧ ተሸክሞ ወረደ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ቧንቧው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ፤ ሐረጎን ስንጨርስ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የቧንቧውንም እንደ አንድ ሰው ቆጠረው። ተከራክሬ አልረታሁም።

ቧንቧው ውስጥ ስድስት ቁራጭ ነበር። ሁለት ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሦስት ዘንግ ይወጣቸዋል፤ እያንዳንዱ 12 ጫማ፣ ወደ 3 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። እጀታ የለው፣ ቀለበት የለው፣ ራቁቱን ነው፤ እዚያ «ብላንክ» ይሉታል። በአንዲት ከረጢት ደግሞ ቀለበቶች፣ የክር ማጠንጠኛው የሚታሰርበት መቀመጫ፣ የቡሽ እጀታና ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ በሁለት ጠርሙስ አሉ። በዚያ አገር ዘንግ በልክ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞልተዋል። የሚጠይቁትን ዋጋ ሲነግረኝ በልቤ ወደ በግ ቀየርሁት፤ በጎቹ በዙ። «ጋሼ፣ እርስዎ ክር ያውቃሉ» አለኝ፤ «ይህም ሥራ ክር ነው።»

እኔም ሥራውን ከመንካቴ በፊት ዓሣውን ንገረኝ አልሁት። ጨርቁ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ማግ አትመርጥም።

ክራፒ የሰሜን አሜሪካ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ነው። ነጭና ጥቁር የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉት። ትልቅ ዓሣ አይደለም፤ በመዝገብ የተያዘው ትልቁ ነጭ ክራፒ እ.ኤ.አ. በ1957 ሚሲሲፒ ውስጥ ኢኒድ ከሚባል ግድብ የወጣ ሲሆን ክብደቱ 2 ኪሎ ከ350 ግራም ያህል ነው፤ ሰው በየዕለቱ የሚይዘው ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን ነው። ትንንሽ ዓሣ እያሳደደ ይበላል። ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ምግቡንም ብዙውን ጊዜ ከበላዩ ይጠብቃል፤ ስለዚህ መንጠቆው ከዓሣው ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት፤ በታቹ ካለፈ አላየውም ማለት ነው። ዋናው ነገር ግን አፉ ነው። በከንፈሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ እጅግ ስስ በመሆኑ እዚያ አገር «ባለ ወረቀት አፍ» ብለው ሰይመውታል። ጠንከር አድርገህ ከሳብኸው ዓሣው በውኃው ይቀራል፣ አንተ ጋ የሚመጣው ባዶ መንጠቆ ነው።

አሁን በፎቶግራፋችሁ ላይ የነበሩት ሰዎች ምን ያደርጉ እንደነበር እንመልከት። ክራፒ በመንጋ ሆኖ ከውኃው ወለልና ከገጹ መካከል ተንጠልጥሎ ይቆማል። የት ጥልቀት ላይ እንደቆመ ስለማይታወቅ ሰዎቹ ብዙ ዘንግ ዘርግተው፣ መንጠቆዎቹን በተለያየ ጥልቀት ሰቅለው፣ ጀልባዋን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እያንፏቀቁ ሐይቁን ያስሱታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ሕፃን ልጅ እየዳኸ ይቀድማቸዋል። ዘንጎቹ ከጀልባዋ ፊት ግራና ቀኝ ሲዘረጉ የሸረሪት እግር ስለሚመስሉ የአሠራሩ ስም ከሸረሪት የተወሰደ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ ክሩን ከኋላ 30 ሜትር ያህል ለቀው ትንሽ ፈጠን ብለው ይጎትቱታል። ያን ጊዜ ክሮቹ እንዳይተባተቡ የዳር ዳሮቹ ዘንጎች ረጃጅም፣ የመሀሎቹ አጫጭር ይሆናሉ።

በሁለቱም መንገድ ዘንጉን ማንም አይዘውም። መያዣ ውስጥ ተሰክቶ ይቆማል። ዓሣው ሲጎርስ መንጠቆውን የሚተክለው የሰው እጅ መሆኑ ቀርቶ የጀልባዋ ጉዞ ነው። እንግዲህ ያ ዘንግ እጅም ሆኖ ማገልገል አለበት፤ ዓሣው ሲጎርስ ጫፉ ቀስ ብሎ መከተል፣ ከዚያ እየጎበጠ በሄደ ቁጥር እየጠነከረ መምጣት። ጫፉ ከደረቀ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከሥሩ ከላላ ደግሞ ክሩን የሚያሰምጠውን የእርሳስ ክብደትም አይችል፣ ዓሣውንም አያነሣ። የርዝመቱም ምክንያት ይኸው ነው፦ ዓሣው ከጀልባዋ ጥላ ርቆ እንዲጎርስ፣ ዘንጉም ለመጉበጥ ቦታ እንዲያገኝ። ርዝመቱ ለውበት አይደለም፤ ለዘመናዊነትም አይደለም።

ወደ ሥራው ልግባ።

ባዶውን ዘንግ ወፍራም ጫፉን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ፣ ቀጭኑን በመዳፍህ ደግፈህ መሀሉን ጫን ስታደርገው በእጅህ ውስጥ ይገላበጣል። ወደሚወደው ጎን ዞሮ ዝም ይላል። ያን ጎን «አከርካሪ» ይሉታል፤ ቀለበቶቹን ከማሰርህ በፊት እርሱን ፈልገህ በእርሳስ ምልክት ታደርግበታለህ። ለምን እንደሚገላበጥ የገባኝ አንዱን ቁራጭ በአጉሊ መነጽር ሳየው ነው። ዘንጉ ራሱ ጨርቅ ነው! የመስታወት ወይም የካርቦን ጭረት ጨርቅ ሆኖ፣ ሙጫ ጠጥቶ፣ በብረት ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፣ ተጋግሮ ብረቱ የተመዘዘበት። ጨርቁ የተደራረበበት መስመር ከሌላው ጎን ትንሽ ይወፍራል፤ የሚገላበጠው ለዚያ ነው። ዕድሜዬን ጨርቅ ስጠግን ኖሬ በጡረታዬ ደግሞ ጨርቅ መጣብኝ አልሁ። የእህቴ ልጅ «ይህም ሥራ ክር ነው» ሲል ራሱ ከሚያውቀው በላይ ልክ ነበር።

ከሦስቱ ሁለቱ የመስታወት ጭረት፣ አንዱ ካርቦን ነበሩ። ካርቦኑ ቀላልና ንቁ ነው፤ ዓሣው ሲነካው እጅህ ይሰማዋል፤ ግን ይቸኩላል፣ ከተመታም ይሰበራል። መስታወቱ ከበድ ያለና ዘገምተኛ ነው፤ ብዙ ይጎብጣል፣ ብዙ ይችላል። መያዣ ውስጥ ቆሞ ለሚውል ዘንግ ዘገምተኛው ይሻላል። ሰው ሁሉ ካርቦን ካርቦን የሚለው ውድ ስለሆነ ይመስለኛል።

ቀለበቶቹ ላይ ደረስን። በሽመና ፋብሪካ ክር የሚያልፍባቸው ትንንሽ የሴራሚክ ቀለበቶች አሉ። ብረት ለስላሳ ቢመስልም ክር ቀን ከሌት ሲሮጥበት እንደ መጋዝ ይሰረስረዋል፤ የተሰረሰረው ብረት ደግሞ መልሶ ክሩን ይቆርጣል። ለዚህ ነው ሴራሚክ የሚገባው። የእህቴን ልጅ ከረጢት ስከፍት ቀለበቶቹ ውስጣቸው ሴራሚክ ነው፤ ያው የማውቀው አሉሚኒየም ኦክሳይድ። እንደ ድሮ የሥራ ባልደረባ ሳቅሁላቸው። (ከፋብሪካው አንዲትም ቀለበት ይዤ አልወጣሁም፤ ዘበኞቹን መጠየቅ ይቻላል።)

ስንት ቀለበት፣ በምን ያህል ርቀት? በግምት የሚሠሩ ሰዎች ለየጫማው አንድ፣ ከዚያ አንድ ጨምር ይላሉ። በዚያ ሒሳብ 13 ይሆናል። ነገር ግን ቀለበት ክብደት ነው፤ ጫፉ ላይ የተጨመረ ግራም ሁሉ ዘንጉን ያደነዝዘዋል። እኔ ሒሳቡን ትቼ ዘንጉን ጠየቅሁት። ሥሩን ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር አሰርሁ፣ ቀለበቶቹን በማጣበቂያ ወረቀት ለጊዜው አስቀመጥሁ፣ ክሩን አሳለፍሁና ጫፉ ላይ ግማሽ ኪሎ ስኳር ሰቀልሁበት። ዘንጉ ጎበጠ። በሁለት ቀለበቶች መካከል ክሩ የዘንጉን ኩርባ ትቶ አቋራጭ መንገድ ከያዘ እዚያ ቦታ ቀለበት ጎድሏል፤ ወይም ያለው ቀለበት መጠጋት አለበት። ጫፉ አካባቢ ተጠጋግተው፣ ወደ እጀታው እየተራራቁ፣ በዘጠኝ ተስማማን። ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ስኳሩን ለቡና ፈልጋ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ስታገኘው ያለችኝን አልጽፈውም።

ከዚያ ማሰር ነው። የቀለበቱን እግር በሞረድ እንደ ምላስ ታሳሳዋለህ፤ ክሩ ከዘንጉ ወደ ብረቱ ሲወጣ ደረጃ እንዳያገኘው። ክሩን ከውጭ ወደ ቀለበቱ እየጠመጠምህ፣ መነሻውን በራሱ ጥምጥም ሥር ቀብረህ፣ መጨረሻውን በተጣጠፈ ክር ስበህ ታስገባለህ። ቋጠሮ የለም። ውጥረቱ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። አንዳንዱ ሰው ክሩን በወፍራም መጽሐፍ ገጾች መካከል አሳልፎ በላዩ ክብደት ይጭናል፤ ይሠራል። እኔ ግን ከልብስ ስፌት መኪና የተፈታ ማጥበቂያ አለኝ።

ጥፋቶቼንም ልናገር። የመጀመሪያው ጥፋት የኩራት ነው። ሰው አይቶ እንዲደነቅ ነጭ የናይሎን ክር መረጥሁ፤ በነጩ ዳር አረንጓዴ መስመር አዞርሁ። አምሮ ነበር። ኢፖክሲውን ስቀባው ነጩ ክር ዓይኔ እያየ ጠፋ። ሙጫው ክሩን ሲጠጣው እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ የቀለበቱ እግር ራቁቱን ወጣ፣ አረንጓዴው መስመር ብቻውን በአየር ላይ የቆመ መሰለ። ይህን የሚከለክል ቀለም ጠባቂ ቅብ እንዳለ በኋላ ሰማሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተቆላ ቡና ቀለም ባለው ክር ነው የምሠራው።

ሁለተኛው የደሴ ብርድ ነው። ኢፖክሲ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ እኩል በእኩል ካልተቀላቀለ፣ ሙቀትም ካላገኘ አይደርቅም። እኔ በነሐሴ፣ በእህቴ ቤት፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ በዋለበት ቀን፣ በሻይ ማንኪያ ለክቼ ቀላቀልሁት። በሦስተኛው ቀን ስነካው እንደ ማር ይያያዛል። አንዲት ዝንብ አርፋበት ቀርታለች። እህቴ «አብሽር፣ ነገ ይደርቃል» አለችኝ፤ እስከ ዛሬ ብንጠብቀው አይደርቅም ነበር። ሁሉን ፍቄ፣ በአልኮል አጥቤ፣ ዘንጎቹን ጠቅልዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ለክረምቱ ሙጫ ያ ልዩነት ብዙ ነው። ማንኪያውንም ጥዬ ከመድኃኒት ቤት ሁለት መርፌ አልባ ሲሪንጅ ገዛሁ፤ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ አንድ። ከዚያ በኋላ ያልደረቀ የለም።

ኢፖክሲ ሲቀባ ደግሞ ዘንጉ እስኪረጋ ድረስ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ሙጫው ወደ ታች ወርዶ ሆድ ያወጣል። የእኔ ማዞሪያ ከተጣለ ማይክሮዌቭ የወጣች፣ ሳህኑን የምታዞር ትንሽ ሞተር ናት፤ በደቂቃ አምስት ስድስት ዙር፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ይመስል። ሦስተኛውን ዘንግ ቀብቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የልጅ ልጄን ጠርቼ በሻማ ብርሃን ተፈራረቅን፤ እርሷ ስትቆጥር እኔ ሩብ ዙር አዞራለሁ፣ እኔ ስቆጥር እርሷ። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው አለቀ፣ በረካው ሲቀዳ እጇን አንሥታ «እኔ ሞተር አይደለሁም» ብላ ሄደች። ያ ዘንግ ከሦስቱ የጠራው ሆኖ ወጣ።

ዘንጎቹ ቴኔሲ ደረሱ። በሚቀጥለው ፀደይ፣ ክራፒ ለመራባት ወደ ዳር በሚጠጋበት ወቅት፣ የእህቴ ልጅ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ሁለቱ የመስታወት ዘንጎች መያዣ ውስጥ ቆመው ጎብጠዋል፤ ኩርባቸው ከእኔ መስኮት ኩርባ ጋር አንድ ነበር። ካርቦኑን ግን አፍ እየቀደደ ስላስቸገረው ከመያዣው አውጥቶ በእጁ ይጠቀምበታል። ከአንደኛው ላይም አራተኛዋ ቀለበት ተነቅላ ወድቃለች። እግሯን ሞርጄ ነበር፤ ጠርዟን ግን ማለስለስ ረስቼ ክሩን ቆርጣዋለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሻከረ ቦታ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

እስካሁን የነገርኋችሁ ስለ አሜሪካ ዓሣ ነው። አሁን የእኛ።

ባለፈው ጥቅምት ልጁ እንደገና መጣ፤ ሁለት ዘንግም ይዞ። የአዘጋጆቹን ሐሳብ የሚመስል ሐሳብ ነበረው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሐይቅ ላይ ጀልባ ከነቀዛፊዋ ተከራየን። ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ዘንጎቹን ከካላማደሪያ በተቆረጠ ጎማ ከጀልባዋ ጋር አሰርን፤ ትንንሽ፣ ባለ እርሳስ ራስ መንጠቆዎች አንጠለጠልን፤ ከጠዋት ጀምሮ በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። እስከ ቀትር የያዝነው ሁለት እቅፍ የውኃ ሣር ነው። መረብ እየሰበሰበ የነበረ ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ ዘንጎቹን አየ፣ የምንመላለስበትን መስመር አየ፤ «አባባ፣ እያረሳችሁት ነው?» አለኝ።

ከጀልባ ስንወርድ ያው ሰው ዳር ላይ አግኝቶን ተቀመጠና የሐይቁን ዓሣ አስተማረን። «ቆሮሶ እንደ ውሻ አያሳድድም፤ እንደ በግ ይግጣል» አለ። ልክ ነው። ቆሮሶ አብዛኛውን የሚኖረው በውኃ ውስጥ በሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነገር ፊቱ ብትጎትትለት ምን ቸገረው? የምድር ትል ወይም የሊጥ ድቡልቡል በትንሽ መንጠቆ አድርገህ፣ ዝም ብለህ ስትጠብቅ ይመጣል፤ ሲመጣም አይጎርስም፣ ይቀምሳል። አምባዛ ደግሞ የታች ሰው ነው፤ በጢሙ እየዳሰሰ ጭቃ ለጭቃ ይሄዳል፣ ሌሊቱን ይወዳል፣ ራሱ አጥንት ነው። ለወረቀት አፍ የተሠራ ዘንግ ለአምባዛ ስትሰጠው ዘንጉ ራሱ ያሳዝንሃል።

ስለዚህ ለሐይቅ ሌላ ዘንግ ሠራሁ። ለቆሮሶ 2 ሜትር ተኩል፣ በእጅ የሚያዝ፤ ከሥሩ ቀርከሃ፣ ከጫፉ ከተሰበረ ዘንግ የተረፈ ቀጭን የመስታወት ጭረት፤ መጋጠሚያው የነሐስ ቱቦ ነው። ጫፉ ቅምሻዋን ለጣት እንዲናገር አድርጌ አሳስቼዋለሁ፤ ርዝመቱ ደግሞ ዳር ያለውን ፊላ ተሻግሮ ክሩን ለማውረድ ይበቃል። ቀርከሃው ተቆርጦ ስድስት ወር ጥላ ውስጥ ይቆማል፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። የተጣመመውን በከሰል ሙቀት አቀናዋለሁ፤ አንጓውን እሞርደዋለሁ። ሴራሚክ ሲያጥረኝ ቀለበቱን ከማይዝግ ሽቦ አጥፌ እንደ መስታወት እስኪያበራ እወለውለዋለሁ። ለአምባዛ አጠር ያለ፣ ሙሉ ቀርከሃ፣ አውራ ጣት የሚያህል። እስካሁን 19 ሠርቻለሁ፤ ሰባቱ ተሸጠዋል፣ አራቱ ተሰብረው ተመልሰዋል፣ የቀሩት ጣሪያዬ ሥር ተሰቅለዋል። ዋጋውን ለጎረቤት ስናገር አፍራለሁ፤ ለሩቅ ሰው ስናገር ግን አላፍርም።

ከውጭ የመጣ ነገር አይስማማንም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቆሮሶ ራሱ ለሐይቅ እንግዳ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ተወስዶ የተለቀቀ ነው። ግን የሚበላውን አግኝቶ ኖረ። የእናንተ ስምንት ዘንጎች ሐይቅ ላይ ምን ሊበሉ ነው? አንድ ወጣት ጽሑፋችሁን አምኖ፣ ተበድሮም ቢሆን እነዚያን ቢያስመጣ፣ እንደ እኛ ሲያርስ ውሎ ይገባል፤ ከዚያ «ሐይቁ ዓሣ የለውም» ብሎ ያወራል። ደግሞም ጽሑፉ እውነት የተናገረበትን አልክድም፦ በዘንግ የተያዘ ጫጩት ዓሣ ወደ ውኃው ይመለሳል፣ ዓይኑ በጠበበ መረብ የተያዘ አይመለስም። እዚያች ላይ ደግ ብላችኋል።

የምጠይቀው የፎቶግራፉን መግለጫ እንድታርሙ ነው። «እነዚህ ዘንጎች የተሠሩት ክራፒ ለሚባል የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው» ብትሉ ይበቃል። «የሚሠራ ባለሙያ ባለመኖሩ» የሚለውንም አውጡልኝ፤ ባለሙያ ነኝ ብዬ አይደለም፣ ግን አለሁ። ጸሐፊያችሁ ወደ ኮምቦልቻ ብቅ ካለ መስኮቱንም፣ ስኳሩንም አሳየዋለሁ። በክረምት ከመጣ ግን ደሴ ላይ አንገናኝ።

ስለ አንባቢዎቻችሁም አንድ ልመና አለኝ። የተበላሸ ማይክሮዌቭ ያለው ሰው ካለ አይጣለው፤ ከሥሩ ያለችዋ ሳህን አዟሪ ሞተር ብዙ ጊዜ ደኅና ናት። የእኔዋ ከሰኔ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ጀምራለች፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ቃሏን አልለወጠችም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሽመና ማሽን መካኒክ
ኮምቦልቻ